ግራ ዓይንሽ እኔ ነኝ ብያት ነበር

ሰኞ 4

መጋቢያችን ትናንት ከስብከቱ በኋላ አንድ ነገር አዘዙን። "ነፍሴ ደርቃለች የምትሉ ሁሉ አንድ ደብተር ያዙ። ጌታ በቀኑ ያሳረፋችሁን አንድ ነገር ጻፉ፤ አንድ ብቻ። በወሩ መጨረሻ መልሳችሁ ስታነቡት ምን ያህል ውኃ እንደጠጣችሁ ታያላችሁ" አሉ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ከአስቤዛ ዝርዝርና ከአንሶላ ቁጥር በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። ነፍሴ ግን ደርቃለች፤ እሱ እውነት ነው። ስለዚህ ልጄ ስታገባ ትታው የሄደችውን፣ ሽፋኑ ላይ ድመት ያለበትን ደብተር አነሳሁ። ድመቷ የምትስቅብኝ ትመስላለች።

እንግዲህ የዛሬው ዕረፍቴ፦ መቃ።

መቃ ሥራ ቦታ አብራኝ የምትቆመው ጓደኛዬ ናት። ረጅምና ቀጭን ስለሆነች መቃ እንላታለን። እኔን ዱባ ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ መስታወት ይመስክር። የምንሠራው የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። እርጥቡን አንሶላ ትልቁ መተኮሻ አፍ ላይ የምናስገባው እኔና እሷ ነን። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ወጥረን እንይዝና የጋለው ጥቅል ሲስበው እኩል እጃችንን እናነሳለን። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት። ከባለቤቴ ጋር እንኳ እንዲህ እኩል ተራምጄ አላውቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት "ቦታ እንቀያየር" አለችኝ። አሥራ ስምንት ዓመት በቀኝ ስትቆም ኖራ አሁን በግራ ልቁም ማለት ምን ይሉታል? ወጥሬ ስይዛት በጆሮዬ ነገረችኝ። ግራ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል። "በግራ ጫፍ ከቆምኩ በዚያ በኩል ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። ግድግዳውን ባላየው ምን ይጎድልብኛል?" አለች። እሷ እንዲህ ናት፤ ስታለቅስም የምታስቅ ነው የሚመስላት።

የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጥቷታል። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ ሞራው ይገፈፍላታል። "እስከዚያ አንቺና ጌታ ብቻ እወቁልኝ። አለቃ ከሰማ ከማሽኑ ያነሳኛል" አለች። "ግራ ዓይንሽ እኔ ነኝ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጥቅሉ ሲቃረብ ቀስ ብዬ "ግራ" እላታለሁ፤ እጇን ታነሳለች። ማንም አልነቃብንም። ሦስት ሳምንት ምን አላት። ጌታ ትዕግሥቱን ይስጠን።

ሌላ ወሬ፦ የክፍላችን ኃላፊ፣ እናታችን የምንላቸው፣ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። በቦታቸው ማን ይገባል የሚለው ወሬ ከእንፋሎቱ ጋር ክፍሉን ሞልቶታል። እኔ እንኳ ግድም የለኝ።

ማክሰኞ 5

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ አውቶቡስ ስጠብቅ።

የማጠቢያው አለቃ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ለጡረተኛዋ እናታችን ሲነግራቸው ሰማሁ። "መቃን ነው የማስበው። ዱባ ደግ ሴት ናት፣ አፏ ግን አያርፍም" አለ። እሳቸውም "ልክ ነህ" አሉት። ያውም ሳይቆዩ።

ጥሩ ነው። መቃ ይገባታል። ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ 6

ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ንጹሁ ልብስ የሚደረደርበት መጋዘን ገብተን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልያለን። ዘጠኝ ሴቶች ነን። እያንዳንዳችን የጸሎት ርዕሳችንን እንናገራለን፤ ከዚያ ባለ ተራዋ ለሁሉም ጮክ ብላ ትጸልያለች። የዛሬ ባለ ተራ እኔ ነበርኩ። እኔ ስጸልይ ሰው ያለቅሳል። መኩራራቴ አይደለም፤ እነሱ ናቸው የሚሉት።

ጥሩ ነበር። አንዷ ስለ ልጇ ፈተና፣ አንዷ ስለ ጀርባዋ አስያዘች፤ ለሁሉም ጸለይኩ። መካከል ላይ የመቃ ነገር አመለጠኝ። "የእህቴን የመቃን ግራ ዓይን ዳስስ፤ ማየት ተስኗታል። በማሽኑ አፍ ላይ እጇን ጠብቅ" አልኩ። ሞቅ ሲለኝ ምላሴ ይቀድመኛል፤ የታወቀ ነው። "አሜን" አሉ። መቃ እጄን ይዛ ነበር፤ አላቀቀችኝም። አሜን ስትል አልሰማሁም። ግን እሷ ሁልጊዜም ቀስ ብላ ነው የምትለው።

ሬዲዮም ነበረች። ሬዲዮ የምንላት መዝጋቢያችን ናት፤ ጆሮዋ የገባ ነገር በሰዓቱ ውስጥ ሦስቱንም ፎቅ ያዳርሳል። ነገር ግን በጸሎት የተነገረ እዚያው ይቀራል፤ እንዲያ ነው ደንቡ።

የዛሬው ዕረፍቴ፦ ጸሎቱ።

ሐሙስ 7

መቃ ዝም ብላለች። "ግራ" ስላት ቀድማኝ እጇን አንስታ ነበር። "ተቀየምሽኝ እንዴ?" አልኳት። "አንሶላውን ወጥሪ" አለችኝ።

ሬዲዮ ከአለቃ ቢሮ ስትወጣ አየኋት። መዝገብ ይዛ ነው። መዝገብ ይዛ ነበር መሰለኝ።

ዓርብ 8

አለቃ መቃን ጠራት። በር ተዘጋ። ስትመለስ ነጠላ ጫማዋንና የውኃ ጠርሙሷን ከማሽኑ ሥር አነሳች። ምድር ቤት ወርዳለች። ምድር ቤት ማለት ከየክፍሉ የሚመጣው ቆሻሻ ልብስ የሚለይበት ነው፤ ደሙም ሌላውም እንዳለ የሚመጣበት። "ዓይንሽ እስኪድን" ብሏታል።

ልታልፈኝ ስትል ቆመች። "ጸሎትሽ ተሰምቷል፣ ዱባ" አለችኝ።

በፌዝ እንዳልል ፊቷ ላይ ፌዝ አልነበረም። በቁጣም አይደለም። መልእክት እንደሚያደርስ ሰው ነው የነገረችኝ። ሄደች።

በቦታዋ አንዲት ወጣት ሰጡኝ። ማሽኑ ፊት ስትቆም ፎቶ የሚያነሷት ይመስል ቀጥ ትላለች። ሁለት አንሶላ አጨማደድን።

በሬዲዮ ተናድጃለሁ። ሰው በጸሎት የሰማውን ለአለቃ ይናገራል? ምን ዓይነት ክርስትና ነው?

እሑድ 10

ቤተ ክርስቲያን። ሦስት ሰዎች ለየብቻ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። ወሬው ደርሷል። "እጇን አተረፍሽላት። ያ ማሽን ቢይዛትስ ኖሮ?" አሉኝ። እውነት ነው እኮ። ቢይዛትስ? አንድ ቀን አንጓዋ ላይ ተለብልባ አይደል? በእርግጥ ያን ዕለት "ግራ" ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ስለ ልጄ አራስ ቤት እያወራሁ ረሳሁት። ያም ሆኖ።

መጋቢያችን የሰበኩት ስለ ዕረፍት ነው። የደከማቸውን፣ ሸክም የከበዳቸውን ስለሚጠራው ጌታ። ያን ጥሪ በሰማሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣ ነበር። ዛሬ ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ሲነበብ የምሰማ መሰለኝ። የአጠገቤ ሴትዮ መሐረብ አቀበለችኝ፤ ሁሌ ስለማለቅስ ይሆናል። አላስፈለገኝም፤ ግን አፍንጫዬን ጠረግሁበት።

ሰኞ 11

ሹመቱን ሰጡኝ። እናታችን የቀራቸውን ዕረፍት ወጥተዋል፤ አለቃ የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "እንግዲህ ሌላ ሰው የለም" አለኝ። እንዲህ ነው ያለው። እሺ አልኩ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ባለቤቴ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚያገናኘው የእኔን መምጫ ሰዓት መጠየቁ ብቻ ነው። "ሹመት ያዳብር" ብሎ ሳቀ። ከዚያ "መቃስ?" አለ።

"መቃ ምን ሆነች?"

"ምን አለችሽ?"

"ደስ ብሏታል" አልኩት።

የዛሬው ዕረፍቴ፦ ወንበር። ኃላፊ ወንበር አለው። ተቀምጬበት ቀኑን ሙሉ እግሬ አላረፈም።

ረቡዕ 13

ጸሎት። ርዕስ ስጠይቅ የመጀመሪያዋ "ጌታ የሚያውቀው ጉዳይ አለኝ" አለች። ሁለተኛዋ "የእኔንም እሱ ያውቀዋል" አለች። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ፣ ሁሉም እንደዚያው። ባለፈው ስለ ጀርባዋ ያስያዘችው እንኳ ጀርባዋን እያሸች "ያውቀዋል" አለች። ስለምን እንደምጸልይ ጠፋኝ። ስለ ዓለም ሰላም ጸለይኩ። ረጅም ጸሎት ነበር። ማንም አላለቀሰም።

መቃ አልመጣችም። በእሷ ቦታ ክፍተት ነበር፤ ተጠጋግተን ዘጋነው።

ዓርብ 15

ምድር ቤት ወረድኩ። ለቁጥጥር ነው ብዬ ነው የወረድኩት፤ የምቆጣጠረው ግን ነገር የለም።

መቃ እስከ ክርኗ የሚደርስ ጓንት አድርጋ፣ አፏን ሸፍና ቆሻሻ አንሶላ ትለያለች። ዕቃ ሊወስድባት የመጣን ሰው እንደምታይ አንዴ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

"እንዴት ነሽ?" አልኳት።

"እንደምታይኝ።"

"ሬዲዮ እንዲህ ታደርጋለች ብዬ አላሰብኩም።"

አንድ አንሶላ ወደ ቅርጫቱ ወረወረች።

"ደግሞ ለደኅንነትሽም ቢሆን..."

"ዱባ፣" አለች፤ ጓንቷን ሳታወልቅ ዞረችልኝ፤ "አንድ ዓይን ቀርቶኛል፤ እሱ ደህና አድርጎ ያያል። እኔ ስትጸልዪ ዓይኔን አልጨፍንም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ጨፍኜ አላውቅም፤ ስትጸልዪ ፊትሽ ያምርብሻል፣ እሱን ነው የማየው። ያን ቀንም እያየሁሽ ነበር። ዓይንሽን ገልጠሽ ሬዲዮን አየሻት። ከዚያ ጨፈንሽና ስሜን ጠራሽ።"

"አላየኋትም" አልኩ።

"እሺ" አለች። አንሶላውን አነሳች።

ደረጃውን ስወጣ አሳንሰሩ እንደሚሠራ ትዝ አለኝ። በእግሬ ወጣሁ።

ቅዳሜ 16

ተሳስታለች። በአንድ ዓይን፣ በዚያ በደብዛዛ መጋዘን፣ ምን ይታያል?

ባለቤቴ "ምን ሆነሽ ነው ድስቱን የምትፈገፍጊው? ነጭ እኮ ሆኗል" አለኝ።

እሑድ 17

ራሴን አሞኛል ብዬ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ቤቱ ጸጥ ሲል ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። አይጣል ነው። "ግድም የለኝ" ብያለሁ። "አመለጠኝ" ብያለሁ። በገዛ ደብተሬ፣ ማንም ለማያነበው፣ ለድመቷ ዋሽቻለሁ።

እንግዲህ ልጻፈው።

ምላሴ አልቀደመኝም። "የእህቴን" አልኩና አንድ ትንፋሽ ያህል ቆምኩ። በዚያች ትንፋሽ ዓይኔን ገለጥኩ። ሬዲዮ ፊት ለፊቴ ነበረች፤ አንገቷን ደፍታለች። አየኋት። ካልነገርኩ አይወራም፣ ከነገርኩ ይወራል ብዬ አሰብኩ። በዚህ ቃል አይደለም፤ ግን አሰብኩት። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ያውም ድምፄን አሳመርኩት። እጇ በእጄ ውስጥ ነበር። ደነገጠች፤ ጣቶቿ ሲኮማተሩ ተሰምቶኛል። ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት፤ ለሚያያት ሰው የማጽናናት ይመስላል።

ሹመቱ የታሰበው ለወሩ መጨረሻ ነበር። ዓይኗ ከዚያ በፊት ይድናል። ከዳነ ደግሞ የእኔ ነገር አበቃ። የቀረኝ ሦስት ሳምንት ዝም ማለት ብቻ ነበር። ሦስት ሳምንት መታገሥ ያልቻለችው ይቺ የትዕግሥት መምህርት፣ ለሙሽሮች ሁሉ "እኔን እዩኝ፣ በትዕግሥት ነው ቤቴን የሠራሁት" የምትል።

ሐፍረቱ የሚያቃጥለኝ በሌላም ነገር ነው። ብናደድባት፣ ብሰድባት፣ ሰው ያውቀው ነበር። እኔ ግን እግዚአብሔርን ነው መሣሪያ ያደረግሁት። ለእሱ የምናገር አስመስዬ በእሱ በኩል ለአለቃ ነገርኩ። ፊቴን የት ላድርገው? ሰው ቢሆን ይደበቁታል።

ተንበረከክሁ። የለመድኳቸው የሚያምሩ ቃላት ሁሉ ተሰልፈው መጡ፤ "አቤቱ ባሪያህ" የሚለው፣ "በእንባ ፊትህ ቀርቤ" የሚለው። አንድ በአንድ መለስኳቸው። አላለቀስኩም እኮ፤ እንዴት በእንባ እላለሁ? ብዙ ቆይቼ "አድርጌዋለሁ" አልኩ። ሌላ አልተናገርኩም። ጉልበቴ እስኪደነዝዝ እንዲሁ ቆየሁ። ማንም አልመለሰልኝም። ግን አልተባረርኩም። እንዲህ ብዬ ነው መጻፍ የምችለው፤ አልተባረርኩም።

ስነሳ ጠማኝ። ጓዳ ገብቼ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁ። አፌ ከመረረ ሰንብቶ ነበር፤ ውኃው ጣመኝ።

ሰኞ 18

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። እራቱን በልቶ እስኪጨርስ አላቋረጠኝም።

"እና ምን ልታደርጊ ነው?" አለኝ።

"ረቡዕ በጸሎት ላይ በሁሉም ፊት ንስሐ እገባለሁ።"

"በጸሎት ላይ?"

"አዎ።"

"እንደገና?" አለ። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው። "እኔ ጸሎት አላውቅም። ግን ያጠፋሽው በጸሎት ከሆነ በጸሎት አታስተካክዪው። ለእሱ አሁን ምን ትነግሪዋለሽ፤ ያውቃል አይደል የምትሉት? ለሰዎቹ ንገሪያቸው። ዓይንሽን ገልጠሽ።"

ሠላሳ ዓመት ወደ ቤተ ክርስቲያን ና ስለው የኖርኩት ሰው ነው ይህን የነገረኝ። ሳህኑን ሳጥብ በልቤ ሳዘጋጀው ከነበረው ንስሐ ውስጥ ግማሹ ለማማር እንደነበር ገባኝ። ሰዎቹ ሲያለቅሱም በሐሳቤ አይቼ ነበር።

ረቡዕ 20

ተፈጸመ።

ሊያያዙ ሲሉ "እጅ አንያያዝ፤ ዓይናችሁንም አትጨፍኑ" አልኳቸው። አጭር አደረግሁት። ሹመቱን ለመቃ እንዳሰቡ ሰምቼ እንደነበር፣ እንደቀናሁ፣ አውቄ በጸሎት ምስጢሯን እንዳወጣሁ፣ ሬዲዮን አይቼ እንደተናገርኩ። "እጇን ለማትረፍ ነው" የሚሉኝን ሁሉ ዝም ብዬ እንደተቀበልኩም።

ማንም "አይዞሽ" አላለኝም። ደግ አደረጉ።

የተነሳችው ሬዲዮ ናት። "እና እኔ ቧንቧ ነኝ? ሲከፍቱኝ የምፈስስ?" አለችኝ። "ወሬኛ መሆኔን አውቃለሁ፤ ስሜ ነው። ለአለቃ የነገርኩት ግን ጨንቆኝ ነው። አንቺ ስትጸልዪ ሰምቼ የእውነት ፈራሁላት። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወሬ ብዬ ሳይሆን ከልቤ የተናገርኩት በዓመት አንዴ ነው፤ እሱንም አንቺ ነሽ ያናገርሽኝ።" ወጣች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ክርስትናዋን ስመዝን የነበረው የሬዲዮን ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ጸሎት ሳይደረግ ተበተንን። ጀርባዋን የሚያማት ሴትዮ ግን በሩ ላይ ቆይታ "የእኔ ርዕስ ጀርባዬ ነው። ባሰብኝ" አለችኝ ቀስ ብላ።

ሐሙስ 21

ጠዋት አለቃ ዘንድ ገባሁ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ምንድን ነው?"

"ለመቃ ያሰቡትን ሹመት በተንኮል ነው የወሰድኩት። ይመልሱላት።"

ነገሩን ሰማ። ወረቀቱን እየፈረመ ነበር የሰማው። "ዓይኗ ግን ሐሰት ነበር?" አለኝ።

"አይደለም። ሰኞ ይገፈፍላታል።"

"እንግዲያ ሲድን የሐኪም ወረቀት ታምጣ። ሹመቱን ግን ለአንቺም ለእሷም አልሰጥም። እሷ ደበቀችኝ፣ አንቺ አሳበቅሽ። እኔ አንሶላ የሚተኩስ ሰው ነው የምፈልገው።" ሹመቱን ከማሽኑ ማዶ የተተኮሰውን ከሚቀበሉት ለአንዷ ሰጣት፤ ስትናገር ሰምተናት ለማናውቀው። ዛሬም አልተናገረችም። ቁልፉን ተቀብላ ሄደች።

ለካስ እኔ እውነት ስናገር መቃ ቦታዋን ታገኛለች ብዬ ነበር። አላገኘችም። ያበላሸሁት እንዳለ ነው።

በምሳ ሰዓት ወረድኩ።

"ሰምቻለሁ። ሬዲዮ ነገረችኝ" አለች መቃ፤ ጭምብሏ ሥር የሳቀች መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። "አሁን ቀለለሽ?"

"ትንሽ።"

"እኔን አልቀለለኝም።"

"አይቼሽ ነበር። ሬዲዮን ማለቴ ነው፤ አይቻት ነበር። አላየሁም ያልኩሽ ውሸት ነው። ይቅር በይኝ።"

የያዘችውን ወደ ቅርጫቱ ጣለች። ጓንቱን አወለቀች፤ እጇ ከላቡ ነጥቶ ተጨማዷል። "ዱባ፣ እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰው ደም ስለይ ነው የከረምኩት። አንቺ ዛሬ መጥተሽ ዛሬውኑ ይቅር በይኝ ትያለሽ። እዚህ ያደረስሽኝ መታገሥ አቅቶሽ ነው። አሁንም ትቸኩያለሽ።"

ልክ ናት። ብዙ የምለው ነበረኝ። ዋጥኩት።

"ሰኞ አብሬሽ ልሂድ?" አልኩ ግን። አፌ መቼ ያርፋል?

"እህቴ አለችልኝ።"

ሰኞ 25

ዛሬ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚያስገቧት።

ማሽኑ ላይ ተመልሻለሁ፤ ከወጣቷ ጋር። ልክ በሦስት ሰዓት፣ ጥቅሉ ሲቃረብ፣ "ግራ" አልኩ ሳላውቀው። ወጣቷ ደንግጣ አንሶላውን ለቀቀችው። "ምን አልሽኝ፣ እትዬ?" አለች። "ምንም፣ የእኔ ልጅ፣ ለራሴ ነው" አልኳት።

የእህቷ ስልክ ቁጥር አለኝ። ስድስት ጊዜ አወጣሁት፤ ስድስት ጊዜ መለስኩት። ብደውል የሚቀለው ለእኔ ነው። ጸለይኩላት፤ ከንፈሬን ሳላነቃንቅ፣ አንሶላ እያስገባሁ። ለአንድ አንሶላ አንድ ቃል። መቃ። መቃ። መቃ። ሁለት መቶ አሥር አንሶላ ነው የተኮስነው።

ማታ ሬዲዮ ወደ አውቶቡስ መያዣው ስሄድ ደረሰችብኝ። ከረቡዕ ወዲህ አላናገረችኝም ነበር። "ደህና ተገፍፎላታል" አለችኝና፣ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ሌላው ሰልፍ ሄደች። ዜናውን እኔ እንድሰማው ብላ መንገዷን ትታ ነው የመጣችው። "ይቅርታ" ብዬ ጮህኩላት፤ ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። እሷም ዞረች። እጇን እንደ ነገሩ አወዛወዘች።

ዓርብ 29

መጋቢያችንን አነጋገርኳቸው። ደብተሩን ሞላሽው ወይ ብለው ጠየቁኝ። "ሞላሁት፣ ግን ዕረፍት አይደለም የሞላሁት" አልኳቸው። ነገሩን ነገርኳቸው። ስብከት ይጀምራሉ ብዬ ነበር፤ አልጀመሩም።

"ይቅር ትለኝ ይሆን?" አልኳቸው።

"እሱን ለእሷ ተዪላት። ጌታ ይቅር እንዳለሽ ታምኛለሽ?"

ቶሎ "አዎ" ልል ነበር። ቆም ብዬ አሰብኩ። "ሌሊት አላምንም። ጠዋት ላይ አምናለሁ" አልኳቸው።

"ይበቃል። እንግዲያ ባዶ እጅሽን አይደለም የምትጠብቂው። ስትጠብቂ ግን በሯ ላይ አትቁሚ፤ ሰው በሩ ላይ የቆመ ሲኖር መውጣት ይከብደዋል።"

ይህን ሳስብ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ። በእግሬ ስመለስ ንፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ እግሬም ደህና ተራመደልኝ። እስከ ዛሬ ትዕግሥት የምለው ነገር፣ የፈለግሁት እስኪመጣ ጥርሴን ነክሼ መቆየትን ነበር። ባይመጣስ? ባይመጣም ነገ አንሶላ አለ፤ ጀርባዋን ለሚያማት ሴትዮ እጸልያለሁ፤ መቃን ደግሞ ሳላስቸግራት እወዳታለሁ። እንዲህ ሳስብ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ደረቴ ሰፋ። ዕረፍት ብዬ ልጽፈው ነበር፤ ፈራሁት። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሰኞ 2

መቃ ተመለሰች። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። የሐኪሙ ወረቀት ለስድስት ሳምንት ከእንፋሎትም ከቆሻሻም ራቂ ይላል፤ ስለዚህ ንጹህ ልብስ መጋዘን አስቀመጧት። ሰላም ስትል ለሁሉም እኩል አለች፤ ለእኔም። ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም። ወደ መጋዘኑ የሚያወጣ ሥራ ነበረኝ፤ ወጣቷን ላክኋት።

ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኑ ሲቆም ሰው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

"እጅሽን ታጥበሻል?" አለች መቃ።

"አልታጠብኩም።"

"ታጠቢ። በሳሙና።"

እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ስመለስ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ ነበር። የዓይን ጠብታ ነው። "ጠዋትና ማታ እህቴ ታደርግልኛለች። የቀኑን እኔ ሳደርገው ጉንጬ ላይ ይፈስሳል" አለች። ሬዲዮ እዚያው ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣለች። ዝምተኛዋ ኃላፊ እዚያው ናት። ወጣቷ፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ እዚያው ናት።

"መቃ..." አልኩ።

"አትናገሪ። ይቅር አላልኩሽም። አትጸልዪም። ጠብታውን ብቻ አድርጊ።"

አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ጠርቷል። በጣቴ የታችኛውን ቆዳ ዝቅ አደረግሁት። ከዚህ ቅርበት አይቻት አላውቅም፤ ሽፋሽፍቷ ላይ ነጭ ፀጉር ወጥቷል። ዓይኗ ተንከራተተና እኔ ላይ ቆመ። አልጨፈነችም። አንድ ጠብታ። ገባ።

ሳታብሰው ጥቂት ቆየች። መነጽሯን አጠለቀች፣ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች።

"የሚቀጥለው አሥር ሰዓት ላይ ነው" አለችኝ።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲል ታጥቤ ቆሜ ነበር።